ሽው የሰጠው ቃል

ልዩ ባቡሩ የውሃ ማማውን አልፎ ወደ ጣቢያው ሲታጠፍ ፍሬኑ ሲጥ ብሎ ጮኸ፤ ፉርጎዎቹም እርስ በርስ ተላተሙ። የሚነዳው ወታደር ነበር። ከከተማው ባቡር ነጂዎች መካከል አድማው ከተጀመረ ወዲህ ሞተር ላይ የወጣ አንድም ሰው የለም።

«ቀስ በል እንጂ አንተ፣ ድንች አይደለም የጫንከው» አለ ከመድረኩ ላይ አንድ ድምፅ።

«ምን ልዩነት አለው» አለ ሌላው። ሳቅ ተነሣ፤ ወዲያውም ጠፋ።

ስልከኛዋ የጆሮ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ አውርዳ በስልክ ቤቱ መስኮት ታያለች። ሠራተኞቹ ከመድረኩ ዳር እስከ ዳር ተሰልፈዋል፤ ፊታቸው ግን ወደ ግድግዳው ነው። ለሚመጣው እንግዳ ጀርባቸውን ሰጥተውታል። ዘይት የጠገበ ቱታ፣ የተጣፈ ካፖርት፣ ወደ ኋላ የተጠላለፈ እጅ፤ ከዚያ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። በየመካከሉ የቆሙት ወታደሮች ምን ማድረግ እንዳለባቸው ግራ ገብቷቸው ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። ጀርባ ማዞር ወንጀል ነው የሚል ትእዛዝ አልተሰጣቸውም።

የሠረገላው በር ተከፈተና ግራጫ ሱፍ የለበሰ፣ ባርኔጣውን በእጁ የያዘ ሰው ወረደ። የሠራተኛ ጉዳይ ምክትል ሚኒስትር ነው። በዚህ ከተማ ግን በማዕረጉ የሚጠራው የለም። ለከተማው ሰው ሽው ነው፤ በልጅነቱ ከሐዲዱ ጎን ከባቡር ጋር ሲሽቀዳደም የወጣለት ስም። ለስልከኛዋ ደግሞ ታናሽ ወንድሟ ነው።

«ሽው መጣ» አለ ከጀርባዎቹ አንዱ፣ ሳይዞር። «በባቡር። እግሩን ምን ነካው?»

ሽው ሰምቷል። አንገቱ ቀላ። ቢሆንም እርምጃውን አላፋጠነም፤ በጀርባዎቹ መካከል እስከ ጣቢያው በር ድረስ ሄደ። እዚያ ነጭ ጓንት ያጠለቀው ኮሎኔል እግሩን አጋጥሞ ሰላምታ ሰጠው።

«ክቡር ምክትል ሚኒስትር፣ እንኳን ደህና መጡ። ስለ አቀባበሉ ይቅርታ እንጠይቃለን። ሕዝቡ ባለጌ ነው።»

«ሕዝቡ ጎረቤቶቼ ናቸው፣ ኮሎኔል» አለ ሽው።

ስልከኛዋ ወደ ስልክ ማገናኛ ሰሌዳዋ ዞረች። ከዓመታት በፊት፣ ገና ሥራውን ስትለማመድ፣ ይህ ልጅ ባሕር ማዶ በተደረገው ኦሊምፒክ በመቶ ሜትር ሁለተኛ ወጥቶ የብር ሜዳሊያ ባጠለቀ ዕለት ወሬው ወደ ከተማው የገባው በእሷ ጆሮ ነበር። ማዳመጫውን ወርውራ፣ ሐዲዱን አቋርጣ፣ ጫማዋ ከእግሯ ወልቆ ወደ ጥገናው ወርክሾፕ ስትሮጥ ያያት ሰው ሁሉ እሳት የተነሣ መስሎት ተከትሏት ነበር። ታላቅ ወንድማቸው ባቡር ነጂ ነው፤ ሁለቱም ጋሼ ይሉታል። ጋሼ ያን ቀን ወሬውን ሲሰማ ሞተሩ ላይ ወጣና የፊሽካውን ገመድ ሳበ። ሌሎቹም ነጂዎች ተከተሉት። ከተማው ጆሮው እስኪደነቁር ድረስ ጮኸ።

ከዚያ በኋላ አገሩን የሚገዛው ማርሻል ራሱ ሽው ትከሻ ላይ የመቶ አለቃነት ማዕረግ ለጠፈለት። ቆይቶ የደንብ ልብሱ በሱፍ ተለወጠ፤ የምክር ቤት አባል ተባለ፤ ቀጥሎ ምክትል ሚኒስትር። የሠራተኛ ማኅበራትን የሚያግደው ሕግ የጸደቀ ዕለት ጋዜጣው ትልቅ ፎቶግራፍ ይዞ ወጣ። ከፊት ረድፍ ላይ ሽው ተቀምጧል፤ እጁ ከሁሉም በላይ ከፍ ብሏል። የባቡር ሠራተኞች ማኅበር ሊቀ መንበር የነበረው ጋሼ ፎቶግራፉን ቆርጦ የወርክሾፑ መጸዳጃ ቤት በር ላይ ለጠፈው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድማማቾቹ አልተነጋገሩም።

አድማው የተነሣው በቦይለር ነው። ዕድሜውን የጨረሰ ቦይለር ወርክሾፑ ውስጥ ፈንድቶ ሰዎች በእንፋሎት ተቃጥለው ሞቱ። የባቡር አስተዳደሩ ሬሳው ሳይቀበር ያንኑ ቦይለር አስበይዶ መለሰው። ጋሼ «ይህ ዕቃ ካልተለወጠ እጄን አላነሣም» አለ፤ ከተማውም አብሮት እጁን አጣጠፈ። ማኅበሩ ቢታገድም ኮሚቴው አልተበተነም። ስልከኛዋን የሆስፒታሉ መስመር እንዳይቋረጥ ሥራሽን ቀጥዪ ያላት ራሱ ኮሚቴው ነው። ነገር ግን ይህን ለእያንዳንዱ ሰው እየዞሩ ማስረዳት አይቻልም፤ የሠራተኞቹ ሚስቶች ሰላምታ ከነፈጓት ሰንብተዋል።

«እታለም» አለ ሽው፣ የስልክ ቤቱ በር ላይ ቆሞ።

ወዲያው አልዞረችም። አንዱን ገመድ ነቅላ ሌላ ቀዳዳ ውስጥ ሰካች፤ ከዚያ ቀና ብላ አየችው።

«ወፍረሃል።»

«አንቺ ከስተሻል።»

«እዚህ ከተማ የወፈረ ሰው ካየህ ከአንተ ጋር የመጣ ነው።»

ሽው በሩ ላይ የቆመውን ወታደር ውጣ አለውና በሩን ዘጋ። ወንበር ስላላገኘ የባትሪ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ኮቱ ላይ ያንን ትንሽ ባለ አምስት ቀለበት ምልክት ሰክቷል። የውጭ ሽቶ ይሸታል።

«ጋሼን ማግኘት አለብኝ።»

«ጋሼ ስምህን በቤቱ አያስጠራም። ባለፈው ሴት ልጁ በትምህርት ቤት ሩጫ አንደኛ ወጥታ 'እንደ አጎቴ' ብትል ራቷን ሳትበላ ነው የተኛችው።»

ሽው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዟዟረው።

«ማርሻሉ አስጠርቶኝ ነው የመጣሁት። ፊት ለፊት ነው የነገረኝ። ቦይለሩ ይለወጣል። አንድም ሰው አይታሰርም። እኔ ይህንን ወርክሾፑ ግቢ ውስጥ ለሁሉም እነግራለሁ፤ ነገ ሥራ ይጀመራል። ኮሚቴው ግን መገኘት አለበት።»

«ኮሚቴው በሙሉ፣ አንድ ቦታ?»

«አዎ።»

«ወታደር ከገባ ወዲህ ሁለቱ እንኳ አንድ ጣሪያ ሥር አላደሩም። ለምን ይመስልሃል?»

«ፈርተው ነዋ። ለዚህ ነው አንቺ የምታስፈልጊኝ።»

«እጅህን ስታነሣስ ምን ብለውህ ነበር?»

«ለጊዜው ነው ብለውኝ ነበር።»

«አመንካቸው።»

«እጁን ያላነሣ ሰው አልነበረም፣ እታለም።»

«እኛ ያየነው የአንተን እጅ ነው።»

ሽው ተነሣ፤ ወደ መስኮቱ ሄደ። ከሐዲዶቹ ማዶ የወርክሾፑ የብረት በር፣ ከበሩም ጀርባ የጠቆረው ጡብ ግንብ ይታያል። አባታቸው ዕድሜውን የጨረሰው እዚያ ነው።

«ልትጠሉኝ ትችላላችሁ» አለ ሳይዞር። «የሚጠላኝ ሰው አላጣም። ግን ዛሬ እኔ ካልተሳካልኝ ነገ የሚመጣው ሌላ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ንግግር ይዞ አይመጣም። ማርሻሉ ሲያስጠራኝ እኔ ልሂድ ብዬ የለመንኩት ለዚህ ነው።»

«ቃልህ ነው?»

«ዋሽቼሽ አውቃለሁ?»

ስልከኛዋ አሰበች። ሽው በልጅነቱ ብርጭቆ ሲሰብር ስብርባሪውን ሰብስቦ እናታቸው ዘንድ ራሱ ይዞ የሚሄድ ልጅ ነበር። ትልቅ ሰው ሲሆን ብዙ ነገር ሆኗል፤ ውሸታም ሲሆን ግን አላየችውም።

ሰሌዳውን ለጣቢያ አዛዡ ጸሐፊ አስረክባ ነጠላ ጫማዋን ቀየረችና ወጣች።

* * *

በሩን የከፈተችው የጋሼ ሚስት ናት። ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ምን ይዘሽ መጣሽ?»

«ጋሼ አለ?»

«ለማን ልትነግሪ ነው?»

«ልቀቂያት፣ ትግባ» አለ ጋሼ ከውስጥ።

ጋሼ በየምሽቱ ማደሪያ ይቀያይራል፤ ቀን ቀን ግን ምሳ ለመብላት በጓሮ በኩል ወደ ቤቱ ይገባል። እግሩ መካከል የሴት ልጁን ጫማ ይዞ ሶሉን በምስማር ይመታል። እጆቹ ሰፋፊ ናቸው፤ የግራው እጅ ቆዳ ከአውራ ጣቱ እስከ ክርኑ በእንፋሎት ተጨማድዷል። ቦይለሩ በፈነዳ ዕለት ሰው ሲያወጣ ያገኘው ነው። ልጆቹ አክስታቸውን ሲያዩ ወደ እሷ ሊሮጡ ተነሡ፤ እናታቸው በዓይኗ ገታቻቸው።

«ከእሱ ነው የመጣሽው» አለ ጋሼ ቀና ሳይል። «ልብስሽ ሽቶ ሸተተኝ።»

ሁሉንም ነገረችው። እሱም መዶሻውን ሳያቋርጥ ሰማት። ስትጨርስ ሚስቱ ቀደመች።

«እንዳትሄድ። ሰውየው ሯጭ ነው፤ ነገር ሲከፋ ይሮጣል። ተይዘህ የምትቀረው አንተ ነህ።»

«አላልኩም እኮ እሄዳለሁ።»

«ፊትህ ብሏል።»

ጋሼ ጫማውን አስቀመጠ። «ሰዎቹ ደክመዋል» አለ፣ ለሚስቱ ይሁን ለእኅቱ ሳይለይ። «ትናንት ብየዳ ክፍል ያለው ሽማግሌ ልጆቼን ዘመድ ጋ ልኬ ልምጣ አለኝ። ፊቱን ሳየው እንደማይመለስ አወቅሁ። ሌላ ሳምንት ቢጨመር አንድ በአንድ እየሾለኩ ይገባሉ፤ ያኔ ቦይለሩም አይለወጥም፣ እኛም አንተርፍም።» ወደ እኅቱ ዞረ። «ቦይለሩ ይለወጣል አለ?»

«አዎ።»

«ማንም አይታሰርም?»

«አዎ።»

«እሱን አላምነውም።»

«እኔንስ?»

ሚስቱ እጇን አጣጥፋ ግድግዳውን ተደግፋለች።

«ለሰዎቹ እነግራቸዋለሁ» አለ ጋሼ። «እንመጣለን። ግን ስሚኝ፤ የምመጣው በአንቺ ቃል ነው። በእሱ አይደለም።»

* * *

ፀሐይ ወደ ጡቡ ግንብ ስታዘቀዝቅ ሠራተኞቹ በየአቅጣጫው መምጣት ጀመሩ። ስልከኛዋ ቦታዋ ላይ ሆና ወደ ግቢው ሲገቡ ታያቸዋለች። የኮሚቴውን ሰዎች በአረማመዳቸው ለየቻቸው። ጋሼ ቆቡን ወደ ግንባሩ ስቦ ከመጨረሻዎቹ ጋር ገባ። ሽው ቀደም ብሎ ሄዷል፤ የወርክሾፑ ኃላፊ ቢሮ ውስጥ ሆኖ ሰው እስኪሞላ ይጠብቃል። ቢሮው ፊት ለፊት ድምፅ ማጉያ ተተክሏል።

የጣቢያ አዛዡን ክፍል የያዘው ኮሎኔል ስልኩን አዞረና ዋና ከተማውን፣ የበላዩን ጄኔራል አገናኚኝ አላት። አገናኘችው። እንደ ወትሮው ወሬያቸውን እንዳትሰማ የማዳመጫውን ማንሻ ወደ ታች መመለስ ነበረባት። እጇ ግን ማንሻው ላይ ቀረ።

«ገቡ?» አለ ጄኔራሉ።

«በመግባት ላይ ናቸው፣ ጌታዬ። ኮሚቴው በሙሉ አለ። ንግግሩ እንደ ጀመረ ዋናውን በር ዘግተን ሰንሰለት እናደርግበታለን። ከዚያ ስም እየጠራን መልቀም ነው።»

በሩ ሥር ወደ ቆመው ወታደር ሰረቅ አድርጋ አየች፤ ጥፍሩን በስለት ያጸዳል። እሱ የሚሰማው የእሷን ድምፅ ብቻ ነው። የወርክሾፑ ኃላፊ ቢሮ ገመድ ከእጇ በታች ነው። ሰካችውና ደወለች።

«ሃሎ» አለ ሽው።

በየቀኑ በምትናገርበት የሥራ ድምፅ፣ «ክቡር ምክትል ሚኒስትር፣ ከዋና ከተማ ይፈለጋሉ። መስመሩ ደካማ ነው፤ ሳይናገሩ ያዳምጡ» አለችው። ከዚያም ሁለቱን ማንሻዎች አንድ ላይ ወደ ላይ አነሣች። መስመሮቹ ተገናኙ።

«ሯጩ ነገሩን ያውቃል?» ይላል ጄኔራሉ።

«የለም፣ ጌታዬ። ቢያውቅ ፊቱ ያሳብቅበታል። አምኖ ሲናገር ነው የሚታመነው።»

«ጥሩ። ነገ ጋዜጣው የሚጽፈው ግን ራሱ እንዳስያዛቸው ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ማንም መመለሻ አይኖረውም፤ የእኛ ሆኖ ይቀራል።»

«ታላቅ ወንድሙስ?»

«እሱን በሕይወት ማምጣት የግድ አይደለም።»

ኮሎኔሉ ስልኩን ዘጋ። ስልከኛዋ የእሱን ገመድ ነቀለች። የሽው መስመር ግን አልተዘጋም፤ ሲተነፍስ ይሰማታል። ልትናገረው አልቻለችም፤ ወታደሩ ጥፍሩን ጨርሶ ስለቱን ወደ ኪሱ እየከተተ ነው። ከዚያ ሽው ስልኩን ከመዝጋት ይልቅ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ጠቅ አለ። በር ተከፈተ። የግቢው ጫጫታ እንዳለ ወደ ጆሮዋ ገባ።

«ወንድሞቼ» አለ የሽው ድምፅ በማጉያው።

ፉጨት ተቀበለው። «ወንድምህ ማን ነው?» የሚል ሰማች። «እጅህን አውጣና አሳየን» የሚል ሰማች።

«ስሙኝ። ይዤ የመጣሁትን ንግግር አልናገርም። ያልኳችሁ ሁሉ ውሸት ነው፤ እኔንም ዋሽተውኛል። በሩን ሊዘጉባችሁ ነው። በኋላ በኩል፣ በአመድ መድፊያው በር ውጡ። አሁኑኑ ውጡ።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

«አሁን ደግሞ በትናቸው ብለው ላኩህ?»

«ሽው፣ አንተ ቅደም። ሩጫው የአንተ ነው።»

«ጥለው ወጡ እንዲሉን ነው፤ ማንም እንዳይንቀሳቀስ።»

ስልከኛዋ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨበጠች። ከሁሉም ድምፅ በላይ የጋሼን ድምፅ ለየችው፤ ማጉያው አጠገብ ደርሷል።

«ማን ነገረህ?»

«ጋሼ፣ ጊዜ የለም።»

«ማን ነገረህ ነው የምልህ። ከየት አወቅህ?»

ስሟን ቢጠራ ያምኑታል። ስሟን ቢጠራ በሩ ላይ የቆሙት ወታደሮችም ይሰሙታል። ስልከኛዋ ዓይኗን ጨፈነች። ይጥራው እያለች ትመኛለች፤ እንዳይጠራው እያለች ትመኛለች።

«እሱን አልነግርህም» አለ ሽው። «ምታኝ ከፈለግህ። አትጠይቀኝ።»

የኮሎኔሉን ወሬ ሊሰማ የሚችል ሰው በከተማው ውስጥ አንድ ብቻ እንደሆነ ለመረዳት ጋሼ ብዙ ማሰብ አላስፈለገውም።

«ውጡ» አለ ጋሼ፤ ድምፁ ባቡር ላይ ሆኖ የሚጣራበት ድምፅ ነበር። «በአመዱ በር። ሁላችሁም። ሽማግሌዎቹን አስቀድሙ።»

ያኔ የእግር ኮቴ ብቻ ሆነ። ስልከኛዋ ማዳመጫውን አውልቃ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ወታደሩም ጫጫታ ሰምቶ ከጎኗ ቆመ። የአመድ መድፊያው በር በግንቡ ጀርባ ያለ ጠባብ መሹለኪያ ነው፤ ከአገልግሎት ከወጣ ቆይቷል። ሁለቱ ወንድሞቿ ልጆች ሳሉ አባታቸው ጋ ለመግባት የሚሾልኩበት ነበር። ወታደሮቹ በማጉያው ቢሰሙም የት እንደሆነ አያውቁም። ትእዛዛቸው ዋናውን በር መዝጋት ነው፤ እየሮጡ መጥተው መዝጋት ጀመሩ።

ሽው በውስጥ በኩል ደረሰ። እሱም በሩን ይዞ አብሯቸው መዝጋት ጀመረ። በግርግሩ የተደናገረው የወታደሮቹ አለቃ፣ አንድ ወጣት መቶ አለቃ፣ ምክትል ሚኒስትሩ ሲያግዘው አይቶ እጅ ነሣና ሰንሰለቱን አቀበለው። ሽው ሰንሰለቱን በውስጥ በኩል ጠምጥሞ ቁልፉን ሲያገጣጥመው ነው መቶ አለቃው አፉን የከፈተው። በሩ ተዘግቷል፤ ወታደሮቹ ግን ያሉት ውጭ ነው።

«ክቡር ምክትል ሚኒስትር፣ እኛም እንገባለን እኮ» አለ።

«ዝጉ አይደል የተባላችሁት? ተዘጋ» አለ ሽው።

ኮሎኔሉ ሐዲዱን አቋርጦ መጣ። ክፈት አለ። ሽው አልመለሰለትም። ወታደሮቹ የበሩን ፍርግርግ የያዙ ጣቶቹን በሰደፍ መቱት፤ አንዱን እጅ ሲያነሣ ሌላውን ይተካል። ከኋላው ግቢው እየሳሳ ነው፤ የመጨረሻዎቹ በአመዱ በር በኩል እየተጋፉ ይወጣሉ። ጋሼ ወደ ኋላ ዞሮ ለአንድ አፍታ ወንድሙን ሲያየው ስልከኛዋ አየችው። ከዚያ እሱም ጠፋ።

ኮሎኔሉ ጭነት መኪና አስመጣ። መኪናው ወደ ኋላ ተስቦ እንደገና ወደ ፊት ሲመጣ ሽው ከበሩ መራቅ ይችል ነበር፤ ጊዜ ነበረው። ጀርባውን ወደ ብረቱ አዙሮ እግሩን መሬት ላይ ተከለ። በሩ ከነማጠፊያው ተነቅሎ በላዩ ወደቀ። ከብረቱ ሥር ሲያወጡት ቀኝ ጉልበቱ ወደማይታጠፍበት አቅጣጫ ታጥፎ ነበር።

* * *

መብራት ሳይበራ፣ ደንገዝገዝ ሲል፣ በቃሬዛ አድርገው ወደ መድረኩ አመጡት። ካልፈጠኑት ሠራተኞች የተያዙ ጥቂቶች ፉርጎ ውስጥ ገብተዋል። ከኮሚቴው ግን አንድም አልተያዘም። ወሬውን የሰሙ ሴቶች ከአጥሩ ውጭ ተሰብስበዋል፤ የጋሼ ሚስት ከፊት ነች።

ኮሎኔሉ ወደ ስልክ ቤቱ ገባ። ጓንቱን አውልቋል።

«ከስብሰባው በፊት ወደ ወርክሾፑ የደወልሽው አንቺ ነሽ።»

«ከዋና ከተማ ተፈልገው ነው፣ ጌታዬ።»

«ከዋና ከተማ ጋር ያን ሰዓት የማወራው እኔ ነበርኩ። ስንት መስመር ነው ያለን?»

መስመሩ አንድ ነው። ኮሎኔሉ ክንዷን ይዞ እየጎተተ ወደ መድረኩ አወጣትና ቃሬዛው አጠገብ አቆማት።

«ይቺ ናት የነገረችህ?» አለው። ከእንግዲህ እርስዎ የለም።

ሽው ፊቱ አመድ መስሏል፤ ከንፈሩን ነክሶ ደም አውጥቶታል። እኅቱን አያት። ከዚያ ከአጥሩ ማዶ ወደ ተሰበሰቡት ሴቶች አየ፤ እንደገና ወደ እሷ። ሳቅ የመሰለ ነገር ከጉሮሮው ወጣ።

«ይቺ?» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ይቺማ የእናንተው ሎሌ ናት። ወንድሟን ከተደበቀበት አውጥታ እዚህ ያመጣችላችሁ ማን ሆነችና? ከዋና ከተማ ትፈለጋለህ ብላ ጠራችኝ፤ ስጠብቅ ስጠብቅ ጩኸት እንጂ ሰው የለም። ሥራዋን እንኳ በቅጡ አታውቅም።»

«ታዲያ ማን ነገረህ?»

«መቶ አለቃህ። ሰንሰለት ተሸክሞ በሩ ላይ ቆሞ ሳየው ገባኝ። ሰንሰለት ለንግግር አይመጣም።» ወጣቱ መቶ አለቃ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ሽው አንገቱን ቀና አድርጎ እኅቱ እግር ሥር ደም የተቀላቀለበት ምራቅ ተፋ። «እኅት የለኝም። አርቁልኝ፣ ፊቷን ማየት አልፈልግም።»

ከአጥሩ ማዶ ሴቶቹ አጉረመረሙ። ስልከኛዋ ሽው ሊያደርግ የፈለገው ገብቷታል፤ የገባትም እሱ ተናግሮ ሳይጨርስ ነው። አሁን አንዲት እንባ ብትጥል፣ እጇን ወደ ቃሬዛው ብትዘረጋ፣ ሁሉም ነገር ከንቱ ይሆናል።

«እኔም ወንድም የለኝም» አለች።

ኮሎኔሉ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየ። ክንዷን ለቀቀው። «ወደ ሥራሽ» አላት። መቶ አለቃውን ግን በጣቱ ጠራው።

ቃሬዛውን ወደ ሠረገላው ሲያነሡት ሽው ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ። ጉልበቱን አንዱ ወታደር ነክቶት ነው። በሩ ተዘጋ። ባቡሩ እንደ መጣው ሁሉ እየተንገጫገጨ ወጣ፤ የኋላ መብራቱ የውሃ ማማውን አልፎ እስኪሰወር ድረስ ማንም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

ስልከኛዋ ወደ ስልክ ቤቱ ለመመለስ በአጥሩ ጥግ ማለፍ ነበረባት። ኮሎኔሉ ጣቢያው በር ላይ ሲጋራ እየለኮሰ ነው፤ ጆሮው ከእነሱ ሩቅ አይደለም። የጋሼ ሚስት በፍርግርጉ መካከል ነጠላዋን ያዘቻት።

«ቤቴ መጥተሽ፣ ልጆቼ ፊት ተቀምጠሽ» አለች። ድምጿ ዝቅተኛ ነበር። «የት እንዳለ አላውቅም። በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። በአንቺ ቃል ነው የምመጣው ብሎሽ ነበር።»

ስልከኛዋ አፏን ከፈተች። አመድ መድፊያውን ሲያልፍ አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው፣ ልትላት ፈለገች። የሲጋራው ጭስ አጠገባቸው ደረሰ።

«ከዛሬ ጀምሮ ልጆቼ አክስት የላቸውም» አለች የጋሼ ሚስት።

«የላቸውም» አለቻት ስልከኛዋ። ነጠላዋን ከእጇ ቀስ ብላ አላቀቀችና ወደ ውስጥ ገባች። የሆስፒታሉ መስመር እየጮኸ ነበር።